መስኮቱን ቀየርኩ፣ ውኃው ግን መግባቱን አልተወም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የአዳማ ነዋሪ ነኝ። ዛሬም አፌ ላይ ናዝሬት የሚመጣብኝ ዓይነት ሽማግሌ። ቤታችንን አባቴ ያሠራው በ1958 ዓ.ም. ነው። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ ከሥሩ አንዲት ምድር ቤት ወጣችለት። ሽንኩርትና ጤፍ እናስቀምጥባታለን።

መስኮቷ የብረት ነበረች። የታችኛው ብረት በዝገት አልቆ በጣት ሲነኩት ይረግፋል። ማስቲሹ ወድቆ መስታወቱን የያዘው የልጅ ልጄ የለጠፈው ፕላስተር ነው። አምናም ካቻምናም ውኃ ሲገባ በእሷ አሳበብኩ። ዘንድሮ ግንቦት ላይ አሉሚኒየም የሚሠራ ልጅ ጠራሁ።

ልጁ ሜትሩን ከላይ በኩል አንዴ ዘርግቶ ጻፈ። «ታችኛውንስ?» አልኩት። «አባባ፣ ያው ነው» አለኝ። ያው አልነበረም። የድሮ የድንጋይ ግንብ እኮ ቀጥ ያለ ነገር የለውም። ፍሬሙ ሲመጣ ከታች በ2 ሳንቲሜትር አልገባ አለ። ግማሽ ቀን በመሮ ድንጋይ ስንፈለፍል ዋልን። መስኮት ልትቀይሩ ያሰባችሁ፣ ወርዱንም ቁመቱንም ሦስት ሦስት ቦታ አስለኩና በትንሹ ልኬት እዘዙ።

ዋናው ጉዳዬ ግን ሌላ ነው። መስኮቷ አምሮባት፣ ዙሪያዋ በሲሊኮን ታሽጎ ሐምሌ ገባ። ከተማችንን ኮረብታ ከቧታል፤ ሲዘንብ ጎርፉ ቁልቁል ወደ እኛ ነው። አንድ ሌሊት ምድር ቤት ብወርድ ሽንኩርቱ ይንሳፈፋል። ሲሊኮኑን ብዳብሰው ደህና ነው። ለካ ተንሸራታች መስኮት ከሐዲዱ ሥር ውኃ የሚያስወጣ ቀዳዳ አለው። ውጭ ያቆረው ውኃ ከፍ ሲል በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ ይገባል። ልጁን ልቆጣው አልቻልኩም፤ የሠራልኝ ዝናብ የሚችል መስኮት እንጂ ኩሬ የሚችል አይደለም።

ኩሬው ከየት መጣ? መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ገረጋንቲ ተደፍቶበት ከፍ አለ። ድሮ ከመንገዱ ሁለት ስንዝር ከፍ ይል የነበረው የመስኮቷ ደፍ ዛሬ ከመንገዱ በታች ነው። ቦዩ ደግሞ የተሠራው በወዲያኛው ወገን ብቻ። ያን ጊዜ ኮብልስቶን መጣልን ብለን ቡና አፍልተን ነበር፤ እኔም ጠጥቻለሁ።

አሁን መስኮቷ ፊት 40 ሳንቲሜትር የብሎኬት ግድብ ሠርቻለሁ። ውኃው ቆመ፣ ብርሃኑም ግማሹ ቀረ። ከእኛ ጀርባ ያለው ቅያስ በተራው ሊነጠፍ ነው ይባላል። እባካችሁ፣ ገረጋንቲው ከመደፋቱ በፊት አንድ ሰው ሜትር ይዞ በየግንቡ ሥር ይለፍና የመስኮቶቹን ደፍ ይመዝግብ። እኔ ቤት ሲደርስ ሻይ አለ።

ጡረተኛው፣ ከአዳማ