«ታረቁ» ያላችሁት ልጅ አልታረቀም

ለአዘጋጁ፦

ባለፈው እሁድ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ስላለው ጉልበተኝነት ያወጣችሁት ዘገባ ዕርቅንና ቅጣትን መፍትሔ አድርጎ፣ ወላጆችን ደግሞ ግድ የለሽ አድርጎ አቅርቧል። ከሁሉም ያስቆጣኝ ግን አብሮት የወጣው ፎቶ ነው። ሁለት ልጆች ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ይጨባበጣሉ። ትልቁ ካሜራውን እያየ ፈገግ ብሏል። ትንሹ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሏል፣ የተዘረጋው እጁም ክርኑ አካባቢ እንደታጠፈ ነው። ከሥሩ «በአገር ሽማግሌዎች ጥረት ታርቀው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ» ብላችሁ ጽፋችኋል። ዘገባው በሙሉ የቆመው በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ ስህተቱም እዚሁ ላይ ነው።

ዕርቅ ለተጣላ ሰው ነው። ሁለቱም የሚሉት አላቸው፣ ይካሰሳሉ፣ ይካካሳሉ፣ ይቅር ይባባላሉ። ጉልበተኝነት ግን ጥል አይደለም። ኖርዌይ ውስጥ ጉዳዩን ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ፕሮፌሰር ዳን ኦልዌየስ ሦስት መለያ አስቀምጠውለታል፦ ሆን ተብሎ ይደረጋል፣ ይደጋገማል፣ አቅማቸው በማይመጣጠን ልጆች መካከል ይፈጸማል። ዕርቁን ዋጋ የሚያሳጣው ይህ ሦስተኛው ነው። የዳቦ ገንዘቡን በየቀኑ የሚቀሙት ልጅ ምን በድሎ ነው ይቅርታ የሚለዋወጠው? ሽማግሌ ፊት ቁጭ አድርጋችሁት «ይቅር ብያለሁ» ከማለት ሌላ ምን ሊል ይችላል? ጉልበተኛው ደግሞ ከዚያ ቢሮ ሁለት ነገር አውቆ ይወጣል፦ ማን እንደተናገረበትና ቅጣቱ መጨባበጥ ብቻ እንደሆነ። ሽምግልና ስንቱን ትዳርና ስንቱን ጎረቤት ከመፍረስ አድኗል፣ ክብሩን አልነካም። ቦታው ግን እዚህ አይደለም።

በወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት፣ በወተመህ፣ ውስጥ የምንሠራ ሰዎች የምናውቀው አሠራር አለ፤ ዘጋቢያችሁ አንዳችንንም አልጠየቀም። ልጆቹ በአንድ ቀን፣ ለየብቻቸው ይጠየቃሉ። መጀመሪያ ተጠቂው፣ ቀጥሎ ጉልበተኛው፣ ከዚያ አጃቢዎቹ አንድ በአንድ፣ በረፍት ሰዓት ተገናኝተው ቃላቸውን ሳያስማሙ። «እገሌ ነገረን» አይባልም፤ «ሽንት ቤቱ ጀርባ እንዲህ ሲደረግ ታይቷል» ይባላል። ወላጆችም በተለያየ ሰዓት ይጠራሉ። ከ3 ቀን፣ ከሳምንት፣ ከዚያም ከወር በኋላ ተጠቂው ብቻውን እንደገና ይጠየቃል። ሁሌም የሚዘለለው ይህ የመጨረሻው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ልጅ «አሁን ደህና ነው» ይላል፣ ግማሹ እውነቱን፣ ግማሹ ፈርቶ። የሚታመነው የወሩ መልስ ነው።

ጉልበተኛውን ማንበርከክና መግረፍም መፍትሔ ተደርጎ መጠቀሱ አሳዝኖኛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ ጉልበት ያለው የሌለውን መምታት እንደሚችል በትልቅ ሰው እጅ ማሳየት ነው።

ወደ ወላጆች ልምጣ። «ወላጆች ስብሰባ አይመጡም፣ ግድ የላቸውም» ብላችሁ ስትጽፉ ስብሰባው መቼ እንደሚጠራ ጠየቃችሁ? ማክሰኞ ጠዋት በ3 ሰዓት! ጉልት የተቀመጠች እናት ቲማቲሟን ለማን ጥላ ትምጣ? የቀን ሠራተኛው አባት የዕለት ገንዘቡ ቢቀርበት ማታ ልጆቹ ምን ይብሉ? እድር ግን እሁድ ይሰበሰባል፣ የቀረም ይቀጣል። ከእድሩ ሰብሳቢ 15 ደቂቃ መለመን ነው። በዚያች 15 ደቂቃ ሦስት ነገር ይነገራል፦ ልጁ ላይ የሚታዩ ምልክቶች (የተቀደደ ዩኒፎርም፣ የጠፋ ደብተር፣ እሁድ ማታ የሚጀምር የሆድ ቁርጠት)፣ ለማን እንደሚነገር፣ እና ወላጅ ተናድዶ ወደ ጉልበተኛው ቤት እንዳይሄድ። ሦስተኛው ካልተነገረ የልጆቹ ጉዳይ በሳምንቱ የሰፈር ጠብ ይሆናል። ፋሪንግተንና ቶፊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 በተለያዩ አገሮች የተሞከሩ ፕሮግራሞችን ገምግመው ጉልበተኝነት በአማካይ ከ20 እስከ 23 በመቶ እንደቀነሰ ጽፈዋል። ከውጤቱ ጋር ጎልተው ከተያያዙት መካከል የወላጆች ስብሰባና በመጫወቻ ሜዳ የሚደረግ ክትትል ይገኙበታል። ሁለቱም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም።

ክትትል ሲባል ግን በር ላይ መቆም አይደለም። አስቀድሞ ቦታው መታወቅ አለበት። ለእያንዳንዱ ልጅ ባዶ ወረቀት ይሰጠውና ግቢውንና ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ሥሎ የሚፈራበት ቦታ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ስም አይጻፍም። አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ቢሠሩት ይመረጣል፣ የሚፈሩት ቦታ አንድ አይደለምና። ወረቀቱን የክፍል አለቃ ከሰበሰበው ሥራው ተበላሸ፤ አለቃው ራሱ የጉልበተኛው ጓደኛ ሊሆን ይችላል። የተዘጋ ሣጥን ይቅረብ፣ ክፍሉን የማያስተምር መምህር ይክፈተው። ወረቀቶቹ ሲደራረቡ ምልክቱ የሚበዛው ሽንት ቤት ጀርባ፣ ቧንቧው ጋ፣ ከግቢው ውጭ ያለችው ቀጭን መንገድ ላይ ነው። ፈረቃ ባለበት ትምህርት ቤት ደግሞ የጠዋቱ ወጥቶ የከሰዓቱ የሚገባበት ግማሽ ሰዓት አለ። መምህራኑ ምሳ ላይ ናቸው፣ ጥበቃው በሩን ይዟል፣ በመካከል ያለው ሜዳ የማንም አይደለም።

እዚያ ላይ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ያስፈልጋሉ። በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 2 ሰው፣ 10 ተራ ይሆናል። አንድ ሰው በሁለት ሳምንት አንዴ ብቻ እንዲወጣ 20 ሰው ይመዝገብ፣ ለሚቀሩት ምትክ 4 ይጨመር። ጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ ከተጫነ በሦስተኛው ሳምንት ማንም አይመጣም፤ ብዙ ጥሩ ጅምር የሞተው እንደዚህ ነው። ያዩትን በአንድ ደብተር ይጽፋሉ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የታየው ነገር፣ የተወሰደው እርምጃ። «ባለጌ ልጅ ነው» ተብሎ አይጻፍም፤ «ቦርሳውን ነጥቆ ቦይ ውስጥ ጣለው» ተብሎ ይጻፋል። ደብተሩ ይቆለፍበታል።

ቆመው የሚያዩ ልጆችንም ረስታችኋቸዋል። ካናዳ ውስጥ በመጫወቻ ሜዳ የተቀረጹ ምስሎችን ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት፣ ሌላ ልጅ ጣልቃ ሲገባ 57 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ትንኮሳው በ10 ሰከንድ ውስጥ እንደቆመ አሳይተዋል። ልጅ ግን ጉልበተኛውን ተጋፈጥ አይባልም። ተጠቂውን ይዞ መሄድ ነው የሚማረው፦ «ና፣ መምህርት ትፈልግሃለች»፣ በቃ። በቴሌግራም የክፍል ግሩፕ ላይ ሲሆን ደግሞ መልስ ከመስጠትና ከማጥፋት በፊት ስክሪንሾት ይነሣ።

ማስተካከያ እንድታወጡ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። የሁለቱንም ልጆች ፊት ሳትሸፍኑ አትማችኋል። ትንሹ ልጅ ከእንግዲህ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «የተደበደበው ልጅ» ነው፤ ፎቶው በቴሌግራም ገጻችሁ ላይ እስካለ ድረስ የክፍል ጓደኞቹ እየተቀባበሉ ይስቁበታል። እባካችሁ ዛሬውኑ አውርዱት።

አንድ የወተመህ አባል፣ ከአዲስ አበባ