እማዬ፣ ስልኩ ያቋረጠብን ወሬ

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የላክሽልኝ ባና ደርሶኛል። ደብረ ብርሃን ሰሞኑን ብርዱን አብሶታል፣ ሌሊት ሌሊት አንቺን እየመረቅሁ ነው የምተኛው።

እሁድ ስትደውዪ ኔትወርኩ ቆረጠን። ኮንሰርቱን ስነግርሽ «የልጅ ሥራ ለትልቅ ሰው ምን ይሆናል?» አልሽኝና መልሴን ሳልጨርስ ድምፅሽ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሆዴ ውስጥ ሲመላለስ ሰነበተ፣ በስልክ የሚያልቅም አልመሰለኝም። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ኳየራችን ውስጥ ማንም በሙያው ዘማሪ አይደለም። አስተማሪ አለ፣ ነርስ አለች፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የሚሠራ አለ፣ ተማሪዎች አሉ። ቅዳሜ ማታ ጋቢያችንን እንደለበስን እንለማመዳለን። መሪያችን ዘንድሮ ያመጣው ሐሳብ፣ ታላላቅ የፈረንጅ ሙዚቃ ደራሲዎች ገና ልጅ ሳሉ የጻፉትን ብቻ እንዝመር የሚል ነበር። እኔም መጀመሪያ ያልኩት እንዳንቺው ነው። (ደግሞ እንዳትሰጊ፣ ማኅሌት ላይ አይደለም፣ አዳራሽ ውስጥ ነው የዘመርነው።)

የጀመርነው በሞዛርት ነው። 9 ዓመቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1765 ከቤተሰቡ ጋር ለንደን ሳለ የጻፋት አጭር መዝሙር ናት፣ ቃሉም አንቺ ጠዋት ጠዋት ከዳዊት የምትደግሚው «አምላካችን መጠጊያችንና ኃይላችን» የሚለው ነው። ወረቀቱን ለእንግሊዞች ሙዚየም ሰጥተውት እስከ ዛሬ አለ፣ የአባቱም የእጅ ጽሑፍ አለበት። ይህን ስሰማ ልጁ ሲጽፍ አባቱ አጠገቡ ጎንበስ ብሎ ታየኝ፣ አንቺ እኔን «ሀ»ን ስታስጽፊኝ እንደነበረው።

ቀጥሎ ሹበርት። 18 ዓመቱ፣ እዚያው አባቱ ትምህርት ቤት ረዳት አስተማሪ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1815 አንድ ሙሉ የቅዳሴ ዜማ ሳምንት ሳይሞላው ጽፎ ጨረሰ። እኛ መጀመሪያውን ብቻ ነው የዘመርነው፣ ቃሉን ብትሰሚው ትደነግጫለሽ፣ «ኪርያላይሶን» ነው! አንቺ ስቅለት ዕለት እየሰገድሽ የምትይው። ዜማው ከኛ ጋር ጨርሶ አይገናኝም፣ ለስለስ ያለ ነው፣ ግን አፌ ቃሉን ከልጅነቱ ስለሚያውቀው ሌሎቹ ሲንተባተቡ እኔ አልተቸገርኩም። ፎሬ የሚባለው ፈረንሳዊም በ19 ዓመቱ የጻፈው አለ፣ በተማሪነቱ አንደኛ ሽልማት ያገኘበት ነው። ደስ ይላል፣ ፈረንሳይኛው ግን ምላሴ ላይ አልገባ ብሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ራይንበርገር ይባላል፣ ሊክተንስታይን የምትባል ትንሽ አገር ነው የተወለደው። በ7 ዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይመታ ነበር። የማታ መዝሙሩን በ15 ዓመቱ ጻፈው፣ አድጎ ትንሽ አስተካከለው። ቃሉ ከሉቃስ ወንጌል ነው፣ የኤማሁስ መንገደኞች ጌታችን መሆኑን ሳያውቁ የለመኑት፦ «ከእኛ ጋር እደር፥ ማታ ቀርቦአልና፥ ቀኑም ሊመሽ ጀምሮአል»።

ያለ መሣሪያ ነው የሚዘመረው፣ ስድስት ድምፅ አለው። ቴኖር የሚባለው ቀጭኑ የወንድ ድምፅ ራሱ ሁለት ቦታ ይከፈላል፣ እኛ ደግሞ ያሉን ቴኖሮች ሦስት ናቸው። ሁለቱ አንደኛውን ያዙ፣ አንዱ ልጅ ለብቻው ቀረ። መሪያችን ዞር ዞር ብሎ አየና እኔን ከአልቶ፣ ከወፍራሙ የሴት ድምፅ፣ አንስቶ ከልጁ ጎን አቆመኝ። «ድምፅሽ የወንድሜን ይመስላል» ትዪኝ የለ? እሱ ነው የጠቀመኝ። ጀርመንኛውን ከኖታው በላይ በእርሳስ በፊደላችን ጻፍኩት፣ «ብላይብ ባይ ኡንስ» እያልኩ። ሳጠፋና ስጽፍ ወረቀቱ ሳሳ።

ኮንሰርቱ ላይ ስንጀምር ግን ወረቀቱን አላየሁትም። የታየኝ የኛ ደጃፍ ነው። መንገደኛ ሲመሽበት ነጠላሽን እያጣፋሽ ትወጪና «መሽቷል እኮ፣ ወዴት ነው የምትሄዱት? እደሩ እንጂ!» የምትይው። ያን ነው የዘመርኩት፣ እማዬ። የ15 ዓመት ልጅ ይህን ከየት አመጣው? ማታ ምን እንደሆነ ገና ምኑን ያውቃል? ግን ያውቅ ነበር፣ ዜማው ውስጥ አለ። አዳራሹ ውስጥ ሳል እንኳ አልተሰማም፣ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

እና የልጅ ሥራ ለትልቅ ሰው ምን እንደሚሆን ይኸው ነገርኩሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ከወጣ በኋላ ወንበር ስንሰበስብ ልጆቹ ድንገት «አንቺስ የልጅነት ነገር የለሽም?» አሉኝ። የኔ አልመጣልኝም፣ ያንቺ መጣልኝ። በ1971 ዓ.ም. መሠረተ ትምህርት መጥቶ ፊደል በቆጠርሽበት ዓመት በግ ስትጠብቂ ያወጣሽው።

የመንዝ ውርጭ ነው እንጂ የሚያንቀጠቅጠኝ፣
ጅብ ቢጮህ በሌሊት አያስደነግጠኝ።

ወንበሩን አስቀምጠው ቆሙ። «ቀጥዪዋ!» አሉኝ። ምን ልቀጥል? አራት ስንኝ ነበር ትያለሽ፣ ሁለቱ ላይ ስትደርሺ ሁሌ «ተዪው፣ የልጅነት ነገር ነው» ብለሽ ታቆሚዋለሽ። ያን ማታ በጣም ቆጨኝ።

የቀሩትን ሁለቱን ጻፊልኝ። እዚሁ ደብዳቤ ጀርባ ላይ ይበቃል፣ ያመጣልሽ ልጅ ሐሙስ ወደዚህ ይመለሳል። ዜማውን ደግሞ ለገና ስመጣ እሳት ዳር ሆነሽ ታሰሚኛለሽ።

ልጅሽ