የዓረብ አገር ሠራተኛዋ ሒሳብ ከመሄዷ በፊት ይከፈት

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ውጭ ያለው ዜጋ ገንዘቡን በባንክ እንዲልክ የሚቀርበው ጥሪ በርትቷል። ጥሪው ተገቢ ነው። ማበረታቻው ግን ዋሽንግተንና ለንደን ያለውን ሰው አስቦ የተሰናዳ ነው። ከደቡብ ወሎ ወረዳዎች፣ ከቃሉ፣ ከወረባቦ ወይም ከተሁለደሬ ሄዳ ሪያድና ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራውን እህታችንን አያውቃትም። በአዋጅ 270/1994 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የውጭ ዜግነት ላለው ሰው ነው፤ እሷ የያዘችው የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የ2 ዓመት ውል ነው።

ገንዘቡ ከባንክ መስመር የሚወጣው ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። አሠሪው ሠራተኛዋ ሳዑዲ በገባች በ90 ቀን ውስጥ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ሊያወጣላት ይገባል፤ ኢቃማው እስኪወጣ ግን ባንኩም ሆነ የገንዘብ መላኪያ አፑ በስሟ ሒሳብ አይከፍትላትም። ዕዳው ደግሞ አይጠብቅም። በአዋጅ 923/2008 መሠረት ቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት የአሠሪው ወጪ ሲሆኑ፣ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና የብቃት ማረጋገጫ የሠራተኛዋ ናቸው። ደላላው ከዚህ በላይ የሚቀበለው ሲጨመርበት ቤተሰብ ተበድሮ ይሸኛታል። ስለዚህ የመጀመሪያ ደመወዟን ኢሞ በተባለው የስልክ መደወያ አፕ ላገኘችው የጥቁር ገበያ ሰው ትሰጣለች፤ ብሩም በዚያው ቀን እናቷ እጅ ይገባል። አንዴ የታመነ ሰው ኢቃማው ስለወጣ ብቻ አይተውም። በባቲ በኩል ወደ ጅቡቲና የመን ተሻግሮ የገባው ልጅማ ኢቃማ ስለሌለው ከነጭራሹ ሌላ አማራጭ የለውም።

የዋጋው ልዩነትም ቀላል አይደለም። ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ስለሆነ 1,500 ሪያል 400 ዶላር ነው። ባንኩና ጥቁር ገበያው በዶላር የ10 ብር ልዩነት ቢኖራቸው በአንድ ጊዜ 4,000 ብር ይቀርባታል። ይህን ያህል ገንዘብ በአገር ፍቅር ጥሪ ብቻ ተይው ማለት አይቻልም።

ትኩረት የተነፈገው ግን የስልኩ ጉዳይ ነው። የሞባይል ባንክ ማረጋገጫ ቁጥር የሚላከው ወደ ኢትዮጵያ ሲሟ ነው። ሲሙን ይዛ ከሄደች ሮሚንግ ሳይሠራላት፣ ካርድ ሳይሞላበት ቆይቶ ይዘጋል። ለወንድሟ ትታው ከሄደች ደግሞ ሒሳቡን የሚያንቀሳቅሰው ወንድሟ ነው። ብዙዎቹማ ሲጀመር በአባት ወይም በወንድም ስም በተከፈተ ደብተር ነው የሚልኩት። ስትመለስ ቤቱም ባጃጁም በሌላ ሰው ስም ሆኖ ይጠብቃታል፤ ይህን በሽምግልና መፍታት የደሴም የኮምቦልቻም ሽማግሌዎች የሰለቹት ሥራ ሆኗል።

መፍትሔው ከጉዞ በፊት በሚሰጠው ሥልጠና ላይ መጀመር አለበት። ሠልጣኞቹ ሥልጠናውን በሚሰጠው ኮሌጅ ተሰብስበው ሳሉ የባንክ ሠራተኛ ግማሽ ቀን ይመደብ። ለእያንዳንዷ ሁለት ሒሳብ ይከፈት፦ አንዱ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ በራሷ ስም፣ ሌላው ለቤተሰብ ቀለብ የሚሆን የብር ሒሳብ። ከምትልከው ውስጥ ለቤተሰብ የሚያልፈውን መጠን ራሷ ወስና ትፈርም። ስሟ በፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው በፊደል ሳይዛባ ይመዝገብ፤ ሰይድ ወይም ፋጡማ በፓስፖርት አንድ ዓይነት፣ በደብተር ሌላ ዓይነት ሆኖ ሲገኝ ገንዘቡ ተመላሽ ይሆናል ወይም ታግዶ ይቆያል። ደላላ ዕድሜና ስም አስለውጦ ያወጣው ፓስፖርት ካለ እዚያው ይታወቃል፤ ይህ በራሱ ትልቅ ጥቅም ነው። ሳዑዲ ስትደርስ በ966 የሚጀምረውን አዲስ ቁጥሯን በቪዲዮ ጥሪና በፓስፖርቷ አረጋግጣ የምታስለውጥበት አሠራርም ይኑር።

የቁጠባ ማበረታቻውም ይታሰብበት። ለወሎዋ ሙስሊም እህት «ከፍ ያለ ወለድ እንከፍላለን» ማለት በሩን መዝጋት ነው። ከወለድ ነፃ መስኮት ያላቸው ባንኮች ብዙ ናቸው፤ የውጭ ምንዛሪ ሒሳቡ በሙዳራባ፣ ማለትም ባንኩ በገንዘቧ ነግዶ ትርፉን ከእሷ ጋር በሚካፈልበት ውል፣ የሚያዝበት አማራጭ ሳትጠይቅ ይቅረብላት።

ኢቃማ እስኪወጣ ላሉት 90 ቀናት ደግሞ ብሔራዊ ባንክ፣ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር እንዲሁም የሪያድ ኤምባሲና የጅዳ ቆንስላ፣ በፓስፖርትና በጸደቀ የሥራ ውል ብቻ ገንዘብ መላክ የሚቻልበትን መንገድ ከሳዑዲ ወገን ጋር ይደራደሩ። የሥራ ውል ድርድር ሲካሄድ ይህ ነጥብ በአጀንዳው ላይ ይያዝልን።

ከኮምቦልቻ