በለቴ ለመድረስ ስንት እንዳወጣን ጠይቁን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጋዜጣችሁ ስለ ደን ሲጽፍ ሄክታርና ችግኝ ይቆጥራል። አንዳንዴም ካርቦን። እኔ ጅማ ውስጥ የኮንትራት ሚኒባስ ሹፌር ነኝ። ሌላ ቆጠራ አለኝና አንድ ጥግ ስጡኝ።

ባለፈው ጥር ሙሽሮችን ከነአጃቢዎቻቸው ለፎቶ ወደ በለቴ ጫካ ይዤ ወጣሁ። በቦንጋው መንገድ ነው፣ ሰቃን አልፎ። እዚያ አንድ ተማሪ ወረቀት ይዞ ሰው ይጠይቃል። ጥናቱ ስለ ደን የመዝናኛ ዋጋ ነው አለን። «ደኑ እንዲጠበቅ የመግቢያ ክፍያ ቢኖር ስንት ለመክፈል ፈቃደኛ ነዎት?» ይላል አንዱ ጥያቄ። የሙሽራው አጎት፣ «እንዴ! ግብር ልትጥሉብን ነው?» አሉና ዜሮ አስጻፉ። እሳቸውን ያየ ሁሉ ዜሮ አለ። እኔም አልኩ።

እስቲ ሒሳቡን እዩልኝ። የዚያን ቀን ኮንትራቱ 6 ሺህ ብር ነበር። ተሳፋሪው 12። ለአንድ ሰው 500 ብር ደረሰው ማለት ነው፤ ውኃውና ፎቶ አንሺው ሳይቆጠር። አጎትየው ደግሞ ሱቃቸውን ዘግተው ነው የመጡት። ታዲያ ዜሮው የቱ ጋ ነው?

ይህን ለተማሪው ስነግረው ሳቀ። ለካ በዚህም የሚሰላበት መንገድ አለ። በፈረንጆቹ 1947 ሃሮልድ ሆቴሊንግ የሚባል አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር ለአገሩ የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፈ። ሰው ከየት እንደመጣና ለመምጣት ስንት እንዳወጣ መዝግቡ ነው ያላቸው። ከቅርብ ብዙ ሰው ይመጣል፣ ከሩቅ ጥቂት። ወጪው ሲጨምር መጪው በምን ያህል እንደሚቀንስ ካያችሁ የቦታው ዋጋ ከዚያ ይወጣል። የጉዞ ወጪ ዘዴ ይሉታል። እኔ በጣም ተመቸኝ። የሹፌር ሳይንስ ነው።

እሱም ግን ቀዳዳ አለው። ቦንጋ ለቅሶ የምወስዳቸው ሰዎች በለቴ ላይ፣ «ሹፌር፣ አንዴ አቁምልን» ይላሉ። ወርደው እግራቸውን ያፍታታሉ፣ ጉሬዛ ሲዘል አንጋጠው ያያሉ፣ ቡና ይጠጣሉ። ያ ወጪ የለቅሶው ነው የጫካው? ቡናውን የምታፈላው ሴትዮስ? ከመንደሯ በእግሯ ነው የምትመጣው። ነዳጅ የለ፣ ታሪፍ የለ። በዚህ ሒሳብ እሷ ለጫካው ምንም አላወጣችም። እሑድ ከሰዓት ግን ልጆቿን ይዛ እዚያው ጥላ ሥር አያታለሁ፤ ያለ ጀበና።

እኔን ያስጻፈኝ ዋናው ነገር የአየሩ ጉዳይ ነው። ለነዳጅ ሒሳብ ብዬ የያዝኩት ደብተር አለኝ። ቀኑ፣ የት እንደሄድን፣ ከተሰረዘም ለምን እንደተሰረዘ እጽፍበታለሁ። የካቲትና መጋቢት ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ስልኬ አያርፍም። «ጥላ ያለበት ውሰደን» ነው የሚሉኝ። የዚያን የሰርግ ቀን ጅማ ላይ የመኪናው እጀታ እጅ ይፋጅ ነበር። በለቴ ስንወርድ ሙሽራዋ ነጠላ ደረበች። ያንን ልዩነት ነው ሰው የሚገዛው። በሌላ በኩል ኅዳር ላይ ቡና በሚሰጣበት ሰሞን ዝናብ ከጣለ፣ ገበሬው ቡናውን በሸራ ለመሸፈን ይሮጣል፣ እኔም ኮንትራት ይሰረዝብኛል። ጭቃ ውስጥ በቬሎ ማን ይገባል?

ስለዚህ በጥር አንድ ቅዳሜ ወረቀት አስሞልቶ «የበለቴ ዋጋ ይህ ነው» ማለት አይሆንም። ጫካው ያው፣ ታሪፉ ያው፤ ፈላጊው ግን እንደ አየሩ ነው። ሙቀቱ እየጨመረ ከሄደ ጥላው ይወደዳል። ዝናቡ ጊዜውን ከሳተ ደግሞ መንገዱ ሰው ያጣል። የቱ እንደሚያመዝን በአንድ ቀን መጠይቅ አይታወቅም።

ለቡናው ስሌት ተሠርቷል። በፈረንጆቹ 2017 ኔቸር ፕላንትስ በሚባል የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ጠንከር ያለ ሥራ ካልተሠራ በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኢትዮጵያ ውስጥ አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል ይላል። ያስደነግጣል። ቡናችን ያለው ጥላ ሥር ነው፤ ጥላው ሥር የሚቀመጠውም ሰው ይቆጠርልን።

ለቀጣዩ ተማሪ አንድ ልመና አለኝ። «ስንት ትከፍላላችሁ» ከማለትህ በፊት እዚህ ለመድረስ ስንት እንዳወጣን ጠይቀን። ዛሬ ዝናብ ቢሆን ትመጡ ነበር ወይ በለን። ካልመጣን የት እንውል እንደነበርም ጻፍ። ቡና የምታፈላዋንም እንዳታልፋት።

ደብተሬን ማየት የሚፈልግ ካለ አልሰስትም። የየካቲቱ ገጽ ላይ ቡና ተደፍቶበታል እንጂ ይነበባል።

የኮንትራት ሚኒባስ ሹፌር
ከጅማ