አንገት ሲዞር ዓይን ከጨለመ

ይድረስ ለወዳጄ፣

ይህን ያህል ጠፍቼ ሰላምታውን እንኳ ሳላደርስ ወደ ጤና ጉዳይ በመግባቴ ይቅር በለኝ። መኪና ወደኋላ ስታስኬድ፣ አንገትህን ወደ ግራ ስታዞር ዓይንህ ጭልም ብሎ ፊት ለፊት ስትመለስ እንደሚለቅህ ጽፈህልኛል። በዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ለአንጎል ደም ከሚያደርሱት አራት ትልልቅ ደም ቅዳዎች ሁለቱ የሚወጡት በአንገት አጥንቶች የጎን ቀዳዳ ውስጥ እያለፉ ነው፤ የአንጎልን የኋላ ክፍል፣ ማለትም ሚዛንንና እይታን፣ የሚመግቡ እነሱ ናቸው። ከአንገት መዞር ግማሽ ያህሉ ደግሞ የላይኞቹ ሁለት አጥንቶች ሥራ ነው። ደም ቅዳው ብዙ ጊዜ የሚጨመቀው እዚያ ነው፤ ወደ ግራ ስትዞር በአብዛኛው የቀኙ። ጤነኛ ሰውም ላይ ሊጠብ ይችላል፣ ሌላኛው ስለሚተካው ግን አይታወቅም። የሚያስቸግረው በተለይ ተተኪው በተፈጥሮው ቀጭን ከሆነ ነው። አንገት ሲዞር ደም ቅዳው የሚጨመቅበት ይህ ሕመም በእንግሊዝኛ «የቀስተኛ አዳኝ» የሚል ስም አለው፤ በ1978 እ.ኤ.አ. የተዘገበው ሰው ስትሮክ የያዘው ቀስት ሲለማመድ ነበርና።

አልጋ ላይ ስትገላበጥ ቤቱ ተሽከርክሮብህ ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ የሚያልፍ ከሆነ ግን የውስጥ ጆሮ ችግር ይመስላል፤ እሱ ቀላል ነው። ከመቀመጫ ስትነሳ ብቻ ከሆነ የደም ግፊትህን ተቀምጠህም ቆመህም አስለካ።

የነርቭ ሐኪም ጋ ስትሄድ አደራ የምልህ አንድ ነገር አለ። አንገት ቀጥ ብሎ የተነሳ የኤምአርአይ ወይም የሲቲ ምስል ንጹህ ሊመስል ይችላል፤ ደም ስሩ በዚያ ሰዓት አልተጨመቀማ! የደም ስር ምርመራው አንገት ቀጥ ብሎም ዞሮም መሠራት አለበት። ከሁሉም የሚታመነው በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ቀለም ወደ ደም ስር ተሰጥቶ፣ ሐኪሙ አንገትህን ቀስ እያደረገ እያዞረ የሚነሳው አንጂዮግራፊ፣ ማለትም የደም ስር ምስል፣ ነው። ከተረጋገጠ አንዳንዱ አንገት ባለማዞርና ደም በሚያቀጥን መድኃኒት ይያዛል። ሌላው የሚጫነው አጥንት ይነሳለታል፣ ወይም ሁለቱ አጥንቶች በብሎን ይታሰራሉ። ማሰሩ የመዞር አቅምህን በግማሽ ያህል ስለሚወስድ ቸኩለህ አትፈርም።

እስከዚያው መኪናውን ሌላ ሰው ይንዳልህ። ስትዞር ከነትከሻህ ዙር። ቤት ውስጥ «እስቲ ልሞክረው» እያልክ አንገትህን አታጠማዝዝ፤ ለወጌሻም ሆነ ለፀጉር አስተካካይ አንገትህን አትስጥ፣ ደም ስሩ ሊቀደድ ይችላል። ፊት ለፊት ተመልሰህም ካልለቀቀህ፣ ነገር ድርብ ሆኖ ከታየህ፣ አፍህ ከተሳሰረ ወይም መዋጥ ካቃተህ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

በስንት ሰከንድ እንደሚለቅህና ወደ ቀኝ ስትዞርም ታይቶብህ እንደሆነ ጻፍልኝ።

ወዳጅህ