አባዬ፣ ስለዚያ የሐሙስ ስልክ

ይድረስ ለአባዬ፣

እኛ ደህና ነን። ከአዳማ ሙቀት በቀር ክፉ ነገር የለም። ሚጡ የፊት ጥርሷ ወልቆ ጣሪያ ላይ ወረወረችው። «የአባባ ጥፍርስ በቀለ?» እያለች ትጠይቀኛለች።

ስልክ ላይ ልነግርህ ስል ሁሌ ወሬ እለውጣለሁ። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ዓይንህን ከደከመህ በሁለት ቀን አንብበው፤ ለሌላ ሰው ግን አታስነብበው።

መጀመሪያ ጠብታህ። አለቀ ብለህ ዝም እንዳትል። ቆዳው ቢድንም ዓይን ከወራት በኋላ ጠባሳ ሊያወጣ ይችላል ብለውሃል፤ ቀጠሮህ እንዳያልፍህ። ስትወጣም ኮፍያህን አድርግ። አዲሱ ቆዳህ ፀሐይ አይችልም።

ደግሞ ለሰው ሁሉ «ምች መታኝ» ትላለህ አሉ። ጎረቤትህ ዳማከሴ ጨምቃ ያመጣችው በፍቅር ነው፤ አልቀየማትም። ግን ምች አይደለም አባዬ። መገጣጠሚያ ለሚያሳብጠው ዩሪክ አሲድ የተሰጠህ ክኒን ነው፣ አሎፑሪኖሉ። እንዲህ ያለው ነገር ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ4 እስከ 28 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይነሳል። አንተ ሦስተኛ ሳምንትህ ነበር። ሲጀምር ጉንፋን ይመስላል፤ ትኩሳት፣ ጉሮሮ፣ ዓይን ማቃጠል። ቆዳው የሚነሳው ኋላ ነው።

ሰኞ ሆስፒታል ስደርስ ነርሷ አንሶላውን ገለጥ አደረገች። የትከሻህ ቆዳ አብሮ ተነሳ። ልክ እንደ ወተት ስልባቦት፣ ሽብሽብ ብሎ። አንተ አላየህም፤ ዓይንህ ተጣብቆ ነበር።

ይህን የሚያድን አንድ መርፌ የለም። መጀመሪያ ክኒኑን አስቆሙ። ከዚያ እሳት እንዳቃጠለው ሰው ያዙህ፦ ፈሳሽ በደም ሥር፣ ምግብ በአፍንጫህ ቱቦ፣ ቫዝሊን የተቀባ ፋሻ፣ እንዳይበርድህ የሞቀ ክፍል። ነርሷ ሌሊት ሁሉ እየመጣች ዓይንህ ላይ ጠብታ ታደርግ ነበር። አንተ ነገር ከሥሩ ማወቅ ትወዳለህና፣ ከሰውነት ቆዳ ከ10 በመቶ በታች ከተላጠ ስቲቨንስ ጆንሰን ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1922 በሽታውን የጻፉት የሁለት ሐኪሞች ስም ነው። ከ30 በላይ ሲሆን ስሙም ይለወጣል፣ የሚተርፈውም ሰው ያንሳል። አንተ መሃል ላይ ነበርክ።

ሐኪሙ «ክኒኑን መጨረሻ የዋጠው መቼ ነው?» አለኝ። «ትናንት» አልኩት። ሌላውን አልተናገርኩም።

እማዬ ያረፈች ጊዜ የ12ኛ ክፍል ፈተናዬን እስክጨርስ ደበቅከኝ። «ትንሽ አሟታል» ብለህ አክስቴ ቤት አስቀመጥከኝ። መርዶውን ስትነግሩኝ ከተቀበረች ዘጠኝ ቀኗ ነበር። ሰው ሁሉ «አስተዋይ አባት» አለህ። እኔ ግን አፈር አላለበስኳትም። ያንን ውጤት ዛሬም ማየት አልወድም። ስንት ዓመት በሆዴ ወቀስኩህ መሰለህ። አሁን ደግሞ እኔ ሁለት ወር ሙሉ ደበቅኩህ።

ሐሙስ ማታ ደውለህልኝ ነበር። «ጉሮሮዬንም ዓይኔንም ያቃጥለኛል። ክኒኑን ልተወው እንዴ?» አልከኝ። ሚጡን እያጠብኩ ነበር፤ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ። «የደም ግፊቱንም እንዲሁ ነው ያቋረጥከው፤ አንዴ እንኳ የጀመርከውን ጨርስ!» ብዬ ጮህኩብህ። «እሺ ልጄ» አልክ። አርብ ዋጥክ። ቅዳሜም። እሁድም። የምልህን ሰምተህ አታውቅም፣ ያን ቀን ሰማኸኝ።

መድኃኒቱ ቶሎ በቆመ ቁጥር የመትረፍ ዕድል እንደሚጨምር የሰማሁት ኋላ ነው። ታውቀው እንደሆነ እንጃ። አንተ አንስተህብኝ አታውቅም፤ ይህ ደግሞ ይብስብኛል።

የተረፉት ክኒኖች ቴሌቪዥኑ ሥር ካለው መሳቢያ ውስጥ አሉ፤ አይቻለሁ። አንዲት እንዳትነካ፣ ለሰውም እንዳታካፍል። የመድኃኒቱ ስም የተጻፈበትን ካርድ ከመታወቂያህ ጋር ያዘው፤ የትም ሐኪም ጋ ስትሄድ አስቀድመህ አሳይ። ወንድሜም የእግር ጣቱ እያበጠ ነው አሉ፤ የአንተን ሳይናገር ይህን ክኒን እንዳይጀምር። በቤተሰብ ሊሄድ ይችላል።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ሻሸመኔ ስደርስ እደውላለሁ። ዓሣ ገዝተህ እንዳትጠብቀኝ፤ ዩሪክ አሲዱ እንዳለ ነው።

ልጅህ