የስም ፍቺ ብቻውን ታሪክ አይሆንም

ለአዘጋጁ፦

ስለ ቤተሰብ ስም አመጣጥ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ፍቺው ላይ ብቻ መቆሙ ግን ቅር አሰኝቶኛል።

የእንግሊዙ ስሚዝ፣ የጀርመኑ ሽሚት፣ የጣሊያኑ ፌራሪ ሁሉም ከብረት ቀጥቃጭነት የመጡ ናቸው። ይህ ስለ ሙያው እንጂ ስለ ሰውየው ብዙ አይነግረንም። አንዳንዱ ስም ደግሞ በሕግ የመጣ ነው። ጃፓን በ1875፣ ቱርክ በ1934 እ.ኤ.አ. ሕዝባቸው የቤተሰብ ስም እንዲይዝ አስገድደዋል። ያኔ ስም የመረጠ አያት ለምን እንደመረጠው ከቤተሰቡ ሌላ ማን ያውቃል?

የቤት ወሬ ሁሉ እውነት ነው ማለቴ አይደለም። «ስማችንን ኤሊስ ደሴት ላይ ጸሐፊው ለወጠው» የሚል ታሪክ በብዙ አሜሪካውያን ቤት ይወራል። ኤሊስ ደሴት ኒው ዮርክ ወደብ ላይ ያለች የስደተኞች መቀበያ ነበረች። የደሴቷ ሠራተኞች ግን መርከቡ ይዞት ከመጣው የተሳፋሪዎች ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ ነበር እንጂ አዲስ ስም አያወጡም ነበር። ብዙዎቹ ስማቸውን የለወጡት ራሳቸው ናቸው፣ ያውም በኋላ።

እኛ ቤት ባለ አንድ አሮጌ ፎቶ ጀርባ ላይ በእርሳስ ስም ተጽፏል። ሰውየው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን አልቀረም። ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ዓምዱ የአንባቢዎችን የቤተሰብ ታሪክ ይቀበል። ማን እንደነገራቸው፣ መቼ እንደሰሙት፣ ሰነድ ካለም እሱ አብሮ ይታተም።

አንባቢያችሁ